ውድ የስፒከር ኬብል ከተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበልጣል ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ስፒከር ኬብል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው እየተላለፈ ነው። ለእኔም የላኩልኝ ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ «አንብብና እመን» የሚል ነገር አክለውበታል። አነበብኩት። አጻጻፉ ደስ ይላል። ጸሐፊው ሙዚቃ ወዳድ መሆናቸው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን ልክ አይደለም። ሰውንም ያላግባብ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው ከስፒከራቸው ጋር በነጻ የመጣውን ሽቦ ነቅለው ውድ ኬብል ሲተኩ ድምፁ ሌላ ሆነ ይላሉ። ቤዙ ጠበቅ አለ፣ ዘፋኙ ወደ ፊት ወጣ፣ ጸናጽሉ ጠራ። ምክንያቱን ሲያስረዱም እንዲህ ይላሉ። ኦክስጅን የሌለው መዳብና ብር ከተራ መዳብ የተሻለ ያስተላልፋሉ። ቀጭን ድምፆች በሽቦው ገጽ ላይ ስለሚሄዱ ተራ ሽቦ ያበላሻቸዋል። ጥሩ ኬብል አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል። ኬብል አቅጣጫ አለው፣ ለመሟሸትም ጊዜ ይፈልጋል። የመብራት ገመድን መቀየርም ለውጥ ያመጣል። በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ የሚጠራጠሩ ሰዎች ከጆሯቸው ይልቅ መለኪያ መሣሪያቸውን የሚያምኑ ናቸው።

ከማወዳደሪያው ልጀምር። የጽሑፉ ትልቁ ችግር እዚያ ነው።

ጸሐፊው ውድ ኬብልን ከተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አወዳደርኩ ብለው ነው የሚያምኑት። ያወዳደሩት ግን ወፍራሙን ከቀጭኑ ጋር ነው። ስፒከር ካርቶን ውስጥ በነጻ የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ በጣም ቀጭን ነው። ውዱ ኬብል ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወፍራም ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀይሮ ለውጡን ለአንደኛው ብቻ መስጠት አይቻልም።

ውፍረት ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? አንድ የስፒከር ኬብል ድምፅ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድርባቸው ባሕርያት ሦስት ናቸው፦ ሪዚስታንስ (ከረንትን የመቃወም ባሕርይ፣ በኦም ይለካል)፣ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) እና ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ ባሕርይ)። በጥቂት ሜትር ርቀት ከሦስቱ ሚዛን የሚደፋው ሪዚስታንስ ነው። እሱም የሚወሰነው በዋናነት በሽቦው ርዝመትና ውፍረት ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። አይኢሲ 60228 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሪዚስታንስ ቢበዛ ስንት መሆን እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። በዚህ ደረጃ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር ከ7.98 ኦም መብለጥ የለበትም። ስፒከራችሁ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ይርቃል እንበል። መሄጃና መመለሻው ሲደመር 10 ሜትር ሽቦ ነው። ሪዚስታንሱ 0.08 ኦም ገደማ ይሆናል። ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ ድምፁን የሚቀንሰው ከ0.1 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ባነሰ ነው። ቮልዩሙን ነካ ስታደርጉት እንኳ ከዚህ በላይ ይለወጣል።

አሁን በዚያው ርቀት ባለ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እንዘርጋ። ሪዚስታንሱ ወደ 0.39 ኦም ይወጣል። «ባለ 8 ኦም» የሚባል ስፒከር ደግሞ ሁልጊዜ 8 ኦም አይደለም። ኢምፔዳንሱ፣ ማለትም ለተለዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ እንደ ፍሪኩዌንሲው (እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት) አንድ ቦታ 4 ኦም ይወርዳል፣ ሌላ ቦታ 30 ኦም ሊደርስ ይችላል። 4 ኦም በሆነበት ቀጭኑ ሽቦ 0.8 ዴሲቤል ይበላል። 30 ኦም በሆነበት 0.1 ብቻ። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ድምፁን ከመቀነስ አልፎ የቤዙንና የትሪብሉን ሚዛን ያዛባል። ርቀቱ 10 ሜትር ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ይህን ጠንቃቃ ጆሮ ሊሰማው ይችላል።

እንግዲህ ጸሐፊው ለውጥ ሰማሁ ሲሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አልክድም። ግን ያንኑ ለውጥ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ማንኛውም የመዳብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያመጣላቸው ነበር።

ለነገሩ «ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ» ሲባል ብዙ ሰው እንደነገሩ የተሠራ ዕቃ ይመስለዋል። ግን የቤት መስመር ሽቦ ከደረጃ በታች ከሆነ ይግላል። ከጋለ ቤት ያቃጥላል። ሪዚስታንሱ በጥብቅ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። አንድ የሙዚቃ ኬብል ግን ፕሪሚየም ተብሎ ለመሸጥ የሚያልፈው ፈተና የለም።

ወደ ብረቱ እንሂድ። ጸሐፊው ብር ከመዳብ ይሻላል ማለታቸው ትክክል ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ቀዳሚው ብር ነው። ግን በስንት? ወደ 6 በመቶ ገደማ። ያንን 6 በመቶ ለማካካስ መዳቡን 6 በመቶ ማወፈር በቂ ነው። ከ2.5 ወደ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሄደ ሰው ሪዚስታንሱን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል፣ ያለ ምንም ብር።

ኦክስጅን የሌለው መዳብ የሚባለውማ ልዩነቱ ከዚህም ያነሰ ነው። ለተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚውለው መዳብ ራሱ 99.9 በመቶ ንጹሕ ነው። ኦክስጅን ከወጣለት መዳብ ጋር በማስተላለፍ ችሎታ ያላቸው ልዩነት ቢበዛ 1 በመቶ ነው። የመዳብ ሪዚስታንስ ደግሞ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በ0.39 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ክፍሉ በሦስት ዲግሪ ሲሞቅ የሚመጣው ለውጥ ጸሐፊው ብዙ ገንዘብ ከከፈሉበት ንጽሕና ይበልጣል። መስኮት መክፈት ይህን ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ስፒከሩ ውስጥ ያለው ቮይስ ኮይል፣ ማለትም ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ፣ ራሱ ብዙ ጊዜ የመዳብ ሽቦ ነው። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሲቆይ በ100 ዲግሪ ሊግል ይችላል። ያኔ 6 ኦም የነበረው ከ8 ኦም በላይ ይደርሳል። ከሁለት ኦም በላይ ለውጥ የሚያደርግ ነገር እዚያው መስመር ላይ ተቀምጦ ስለ 0.001 ኦም መጨነቅ ምን ይባላል?

ወርቅን በተመለከተ ባጭሩ፦ ወርቅ ከመዳብ ያነሰ አስተላላፊ ነው። ጥቅሙ አለመዛጉ ነው። ጃክና ፕላግ ላይ በስሱ መለበጡ ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ እርጥበት ባለበት ቦታ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

አንድ ሌላ ነገርም ልስጣቸው፣ እሳቸው ባያነሱትም። ርካሽ ሽቦ ሁሉ አንድ አይደለም። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ላዩ ቀይ ነው፣ መዳብ ይመስላል። ጫፉን ቆርጣችሁ ብታዩት ወይም በቢላዋ ብትፍቁት ውስጡ ነጭ ነው። ሲይዙት ቀለል ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያጥፉት ክሩ ይቆረጣል። ብሎን ስር ሲጠብቅ ይጨፈለቅና ከጊዜ በኋላ ይላላል። በእኩል ውፍረት ሪዚስታንሱ ከመዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል። በአንጻሩ ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ውስጡ ቀይ ከሆነ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ እሱ ምንም አይልም። እንግዲህ የሚያስፈልገው ውድ መግዛት ሳይሆን መዳብ መግዛት ነው።

ቀጭን ድምፆች በሽቦው ገጽ ላይ ይሄዳሉ የሚለው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። ስኪን ኢፌክት ይባላል። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ከረንቱ ወደ ሽቦው ዳር ይገፋል። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን አንቴና ትልቅ ጉዳይ ነው። የሙዚቃ ድምፅ ግን 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያልቃል፣ አብዛኛው አዋቂ ሰው እዚያም አይደርስ። በ20 ኪሎ ኸርዝ እንኳ መዳብ ውስጥ የዚህ ንብርብር ጥልቀት 0.47 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ድፍን ሽቦ ዲያሜትሩ 1.8 ሚሊሜትር ነው። ሲሰላ ሪዚስታንሱ በሩብ ያህል ይጨምራል። የምን ሩብ? የ0.08 ኦም ሩብ። ወደ 0.02 ኦም ማለት ነው። ከ0.02 ዴሲቤል አካባቢ የማያልፍ ለውጥ ነው፣ ያውም ሰው በማይሰማው ዳር ላይ። ከቁብ አይቆጠርም።

አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን አጥብቆ ይይዛል የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚያሳምን ይመስላል። ዳምፒንግ ፋክተር የሚሉት፣ አምፕሊፋየሩ የስፒከሩን ንዝረት የመግታት ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር በአምፕሊፋየር ወረቀት ላይ በትልቁ ስለሚጻፍ ሰውን ያታልላል። ግን ዑደቱን ከዳር እስከ ዳር እንከተል። ሲግናሉ ከአምፕሊፋየሩ ወጥቶ በኬብላችሁ በኩል ስፒከሩ ጀርባ ይደርሳል። ከዚያ የስፒከሩን ሣጥን ክፈቱት። ከማያያዣው ጀርባ ቀጭን ተራ ሽቦ ታገኛላችሁ። ሽቦው ቤዙንና ትሪብሉን ለይቶ ወደሚያከፋፍለው፣ ክሮስኦቨር ወደሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ይሄዳል። እዚያ ላይ ብዙ ሜትር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል ተቀምጧል። የዚያ ኮይል ሪዚስታንስ ብቻውን 0.3 ኦም ቢሆን አይገርምም። ሲግናሉ ከዚያ አልፎ በጣም ቀጭን በሆነ ተወዛዋዥ ገመድ ወደ ቮይስ ኮይሉ ይገባል። ቮይስ ኮይሉ ደግሞ ራሱ ቀጭን ሽቦ ሲሆን 6 ኦም ያህል አለው።

የስፒከሩ ንዝረት ምን ያህል እንደሚገታ የሚወስነው የዚህ ሁሉ ሪዚስታንስ ድምር ነው። ኬብሉን ከ0.08 ወደ 0.02 ኦም ብታወርዱት ከስድስት ኦም የሚበልጠው ድምር 1 በመቶ ቢቀንስ ነው። ያንን የሚሰማ ጆሮ የለም። መስመሩ ውስጥ ተራ መዳብ ገብቷል ብለን የምንጨነቅ ከሆነማ ዋናው ጉድ ያለው ሣጥኑ ውስጥ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አይቀይረውም።

በነገራችን ላይ ልዩ አሠራር ያለው ኬብል ከተራው የከፋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኢንዳክታንሱን ለመቀነስ ብለው ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ጎንጉነው የሚሠሩ አሉ። እንዲህ ሲደረግ ካፓሲታንሱ በጣም ይጨምራል። አንዳንድ አምፕሊፋየር ይህን አይወድም። ሚዛኑን ስቶ በራሱ ሲግናል ማመንጨት ይጀምራል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ተራው ባለ ሁለት መስመር ሽቦ ይህን ጣጣ አያመጣም።

ስለ አቅጣጫ ብዙ አልልም። የሙዚቃ ሲግናል ተለዋጭ ከረንት ነው። በሴኮንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚመች ሽቦ ቢኖር ኖሮ ግማሹን ሙዚቃ ያበላሸው ነበር። ኬብል ላይ የሚሳለው የአቅጣጫ ቀስት ትርጉም የሚኖረው ሺልዱ (ጉምጉምታ የሚከላከለው የብረት ሽፋን) በአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ የሲግናል ኬብል ላይ ነው፤ የስፒከር ሽቦ ላይ አይደለም። ማሟሸትም እንደዚሁ ነው። አዲስ ስፒከር ላስቲኩና ጨርቁ ስለሚላላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ይለወጣል። መዳብ ግን የሚላላ ነገር የለውም። ከጊዜ ጋር የሚላመደው ጆሯችን ነው።

የመብራት ገመዱ ነገር ያስቀኛል፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ኤሌክትሪኩ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በትራንስፎርመር አልፎ፣ ግድግዳ ውስጥ በተራ ሽቦ መጥቶ ነው ሶኬቱ ላይ የደረሰው። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ምን ልታጸዳ ትችላለች? ደግሞም አምፕሊፋየሩ ያንን ኤሌክትሪክ እንደመጣ አይጠቀምበትም። ወደ ቀጥተኛ ከረንት ቀይሮ በካፓሲተር ያጠራዋል። የመብራቱ ቮልቴጅ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ሊረዳ ይችላል። እሱ ሌላ ዕቃ ነው።

ኬብል በፍጹም ለውጥ አያመጣም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የኤሌክትሪክ ጊታር ኬብል ሲረዝም ትሪብሉ ይደበዝዛል፤ የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይረው የፒክአፑ ኢምፔዳንስ ከፍተኛ ስለሆነ የኬብሉ ካፓሲታንስ ይጎዳዋል። የሸክላ ማጫወቻም እንደዚያው ነው። ረጅም የማይክሮፎን መስመር ያለ ጥሩ ሺልድ ጉምጉምታ ይስባል። ረጅም የኤችዲኤምአይ ኬብል ጥራት ከሌለው ምስሉ ይቆራረጣል። እነዚህ ሁሉ ግን ምክንያታቸው የታወቀ፣ በመሣሪያ የሚለካ ነው። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ኬብሉን ማሳጠር ወይም ትክክለኛውን ዓይነት መጠቀም ነው።

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። ጸሐፊው ሁለት ነገር ይላሉ። አንድ፣ መሣሪያ የማይለካው ነገር ጆሮ ይሰማል። ሁለት፣ ይህን ያህል ሰው ልዩነት ሰማሁ ሲል ሁሉም ሊሳሳት አይችልም።

የመጀመሪያው ውሃ አያነሳም። ስፒከሩ ከኬብሉ የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቅጽበት ቅጽበት የሚለዋወጥ ቮልቴጅ። ቃናም ሆነ ስሜት በሌላ መንገድ አይገባም። ሁለት ኬብሎች ስፒከሩ ማያያዣ ላይ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ካደረሱ፣ ስፒከሩ የትኛው እንደተሰካ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያንን ቮልቴጅ ደግሞ ማንም ጆሮ ከሚደርስበት በጣም በላይ በሆነ ጥራት መለካት ይቻላል።

ሁለተኛው ላይ ግን ጸሐፊውን በደንብ ነው የምረዳቸው። ሰዎቹ አይዋሹም። በእርግጥ ይሰማቸዋል። ችግሩ የምንሰማው በጆሯችን ብቻ አለመሆኑ ነው። ሐርማን በተባለው የድምፅ መሣሪያ አምራች ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። አድማጮች ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተሸፍነው ሰምተው ነጥብ እንዲሰጡ ተደረገ። ሲያዩት ትልቁና ውዱ ነጥቡ ከፍ አለ፣ ትንሹና ርካሹ ወረደ። ሲጋረድ ልዩነቱ ጠበበ፣ አስተያየቱም ተለወጠ። ያውም በስፒከር! ስፒከር ከስፒከር በእርግጥ የሚለያይ ዕቃ ነው። ዐይን እዚያ ላይ ይህን ካደረገ፣ ልዩነት በሌለበት ኬብል ላይ ምን ያደርግ ይሆን?

በእኔ ወገን ያሉ ሰዎችንም አንድ ነገር ልቆንጥጥ። እ.ኤ.አ. በ2007 አስማተኛው ጄምስ ራንዲ እጅግ ውድ የሆነ የስፒከር ኬብልን ከሌላው መለየት ለሚችል 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። ፈተናው ግን አልተካሄደም። ያልተካሄደ ፈተና ለማንም አይመሰክርም፣ ለእኛም ቢሆን።

ጸሐፊው «ሞክሩትና ጆሯችሁን እመኑ» ብለው ነው የጨረሱት። እስማማለሁ። አሞካከሩ ግን እንዲህ ይሁን። በእኩል ውፍረትና ርዝመት ሁለት ኬብል ያዙ፣ አንዱ ውድ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ። የ50 ወይም የ60 ኸርዝ ቋሚ ድምፅ አጫውቱና ስፒከሩ ማያያዣ ላይ በቴስተር ቮልቴጁን ለኩ። ርካሽ ቴስተር በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሳሳት ነው ዝቅተኛውን የመረጥኩት። የሁለቱ ልዩነት ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና ይህ ካልተስተካከለ ሙከራው ከንቱ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ኬብሉን ይሰካ፣ እናንተ እንዳታዩ። የሚሰካው ሰውም ፊቱን አያሳያችሁ፤ ሳያውቀው ሊጠቁማችሁ ይችላል። 16 ጊዜ ይደገም። በግምት ብቻ 12 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከመቶ 4 አይሞላም። ስለዚህ 12 ያገኘ ሰው ጆሮዬን ስሙኝ የማለት መብት አለው።

ጸሐፊው ይህን አድርገው 16ቱንም ቢለዩ ሁለቱን ኬብሎች ይላኩልኝ። እለካቸዋለሁ። ግምቴን ከአሁኑ ልናገር፦ ወይ አንደኛው ከተጻፈበት ቀጥኖ ይገኛል፣ ወይ አንደኛው ጫፉ ላይ ላልቷል።